ፕሮፍሌክስ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቱቦላሬ በገለጉ

እዚህ ሜሪላንድ አሮጌ ሳይክል ፈታቶ መልሶ መግጠም የቅዳሜ ሥራ ነው። ሰውየው መኪናውን ከጋራዡ ያወጣና በቦታው የሳይክል መስቀያ ይተክላል፤ መኪናው ብርዱን ሙሉ ደጅ ያድራል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ጎረቤቴ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነው። እጁ ላይ ያለው ፕሮፍሌክስ የሚባል የ1995 የተራራ ሳይክል ነው (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ከፊትም ከኋላም ይነጥራል። የሚያነጥረው ግን ኤላስቶመር የሚሉት፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደረ የጎማ ቁራጭ ነው፤ ድንጋይ ሲመታው ይጨመቃል፣ ሲያልፍ ይለቀቃል። ክፋቱ ዕድሜ አይችልም። ጎረቤቴ ሳይክሉን ሲገዛ ከኋላው ተፈትቶ የወጣው በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ነገር ነበር።

ያኔ አዲስ ጎማ ቀርጾ ቢከት ሥራው ባለቀ። እሱ ግን የሚፈልገው የዚያን ዓመት ጎማ ነው። ቡሎኑም፣ የእጅ መያዣውም፣ ቴላዮው ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ሳይቀር የዚያው ዓመት መሆን አለበት። ፍሬኑን ተውና ቪ ብሬክ አድርግለት አልኩት፤ የተሻለ ይይዛል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ሺማኖ ቪ ብሬክን ያወጣው በ1996 ነው ብሎ እንደ ስድብ ቆጠረብኝ። የ1995 ሳይክል የ1996 ፍሬን አያስርም።

የዕቃው እጥረት መነሻ አለው። ፖል ተርነር የመጀመሪያውን የሮክሾክስ ፎርኬታ ያወጣው በ1989 ነው። በዓመቱ ዱራንጎ፣ ኮሎራዶ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ግሬግ ኸርቦልድ የቁልቁለቱን ውድድር በዚያው ፎርኬታ አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ያሉት አሥር ዓመታት ፋብሪካ ሁሉ የመጣለትን የሚሞክርባቸው ነበሩ፤ አንዱ በአየር፣ አንዱ በዘይት፣ አንዱ በጎማ። የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይገባም፤ ያንኑ ፋብሪካ ብትይዝ እንኳ ያምናው ለዘንድሮው አይሆንም። ስለዚህ ዛሬ ያንን ዘመን መልሶ የሚሰበስብ ሰው ገንዘብም ትዕግሥትም ያስፈልገዋል።

ወደ ገለጉ ልምጣ። ለማያውቃት፣ ገለጉ የቋራ ወረዳ ከተማ ናት፤ ቋራ የመይሳው ካሳ አገር፣ ምዕራብ ጎንደር፣ ከሱዳን ድንበር ጥግ። አላጥሽ ፓርክ ከዚያ ነው፤ ወዲያ ማዶ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር ይያያዛል። ሙቀቱ በሚያዝያ ሰው ያስለቅቃል። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ስለሆነ ክረምት ሲገባ እንኳን ሳይክል አህያም ይይዛል። ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ማሽላ ይመረትበታል፤ በአጨዳ ጊዜ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ከተማዋን ይሞላታል።

እንደ ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ አትባልም፤ ነገር ግን ሳይክል አይጠፋባትም። እኔ የማውቀው ጠጋኝ ኩርኩራ ሥር ነው የሚሠራው። መሣሪያው አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ ጥቂት ቁልፎችና በማዳበሪያ ከረጢት የሞላ የተፈታ ዕቃ ነው። ከረጢቱ ውስጥ የሌለ ነገር የለም፤ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ የተቆረጠ ሰንሰለት፣ የሞተር ሳይክል ፍሬን መያዣ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፔዳል።

ወደ እሱ ከሚመጡት ሳይክሎች ብዙዎቹ ርካሽ የቻይና ባለ ሁለት ሞላ ናቸው። መልካቸው ልክ የጎረቤቴን ይመስላል፤ ሞላው መሐሉ ላይ ቀይ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ልጅ ሁሉ እሱን አይቶ ነው የሚገዛው። ጠጋኙ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈታው እሱኑ ነው። በቦታው ከቱቦላሬ ቆርጦ፣ ጫፍና ጫፉን በስቶ፣ በዚያው ቡሎን ያስረዋል። ሳይክሉ ከኋላ መነጠሩን ያቆማል።

ለምን ብዬ ስጠይቀው ቀና ብሎም አላየኝም፦ «ወንድምዓለም፣ ኮርቻው እየተነቃነቀ ጀሪካኑን ማን ይይዘዋል?»

እውነቱን ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ውኃው ብቻ ሃያ ኪሎ ነው፤ በግራና በቀኝ ሁለት ይታሰራል። የኋላ እግሩ የሚንቀሳቀስ ሳይክል መጫኛ ቢበየድለትም ጭነቱ በየጉድጓዱ ይዘላል፤ ነጂው የረገጠው ጉልበትም ግማሹ ሞላው ውስጥ ይቀራል። ሜሪላንድ ውስጥ የሳይክሉ ክብር የሆነው ዕቃ ቋራ ላይ የውኃ ቀማኛ ነው።

ቱቦላሬው የሚቆረጥበትን ልክ ያገኘበትን መንገድ ቆሜ አይቻለሁ። የሳይክሉን ባለቤት ኮርቻው ላይ አስቀመጠና ሞላው ተጨምቆ ሳለ በሁለቱ ቡሎኖች መካከል ያለውን ርቀት በክር ለካ፤ ክሩን ቋጠረ። ከዚያ ልጁን አወረደና ሞላው ሲለቀቅ ደግሞ ለካ፤ ሌላ ቋጠሮ። የቆረጠው በሁለቱ ቋጠሮዎች መካከል፣ ግን ወደ ረጅሙ አስጠግቶ ነው። ቢያሳጥረው ወገቡ ይወርድና ፔዳሉ የጋሪ ቦይ ይመታል። ከረጅሙ ቢያልፍ የኋላው ከፍ ብሎ ፎርኬታው ቀጥ ይላል፤ መሪውም ይቅበጠበጣል። እዚህ አገር ሾክ የሚሸጠው ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ በሚሊሜትር ተለክቶ ነው፤ 165 አለ፣ 190 አለ፣ 200 አለ። የተሳሳተ ልክ የገዛ ሰው የሚደርስበት ያው ክሩ የነገረው ነው።

የፊቱን ፎርኬታ አይነካውም፤ እጅ ያሳርፋል ይላል። ውስጡ ያለው ጎማ ሲያልቅ ከበረባሶ ሠሪው ዘንድ የከባድ መኪና ጎማ ቁራጭ ያመጣና በተሳለ ቧንቧ እየመታ ክብ ክብ አድርጎ ያወጣዋል። ጥንካሬውን የሚያውቀው በአውራ ጣቱ ጥፍር ነው፤ ጥፍሩ ከገባ ለልጅ፣ ካልገባ ለትልቅ ሰው። ከገለጉ የመጣልኝን የዚህን ጎማ ፎቶ ለጎረቤቴ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየና «ጥንካሬው ስንት ሾር ነው?» አለኝ። ጎማ በቁጥርና በቀለም ተለይቶ ለሚገዛ ሰው የጥፍሩን ነገር ማስረዳት ከባድ ነው።

ሌላም የተገለበጠ ነገር አለ። የጎረቤቴ ቴላዮ አሉሚኒየም ነው፤ ቀላል፣ ውድ። የቻይናው ብረት ነው፤ ከባድ፣ ርካሽ። ብረቱ ቢሰነጠቅ ማንኛውም ግሪል ሠሪ በኤሌክትሮድ ይበይደዋል። አሉሚኒየም ግን አርጎን ይፈልጋል፤ ለእሱ ዕቃውን ተሸክሞ ትልቅ ከተማ ድረስ መሄድ ነው። ስለዚህ ገለጉ ላይ ረጅም ዕድሜ ያለው ርካሹ ነው። መቼም ቱቦላሬ የታሰረበት ሳይክል አይሰነጠቅም አልልም። ሞላው ይበላው የነበረው ንዝረት ሁሉ ወደ ማጠፊያው ቡሎንና ወደ ኮርቻው ቱቦ ሥር ይሄዳል፤ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል፣ እዚያው ላይ ይበየዳል። ብየዳ በብየዳ የሆነ ቴላዮ አይቻለሁ፤ ቀለሙ የት እንደነበር አይታወቅም።

ቸርኬም ይበሳል። የውድ ሳይክል ቫልቭ ቀጭን ነው፤ ጎሚስታው ዘንድ ያለው ንፋስ መሙያ ደግሞ የመኪናውን ወፍራም ቫልቭ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ 6.5 ሚሊሜትር የነበረው ቀዳዳ በትሬፓኖ 8.5 ይሆናል፤ ነገሩ አለቀ። የግራር እሾኽ እንዳያስቸግርም ያረጀ ከመነዳሪ በቁመቱ ተሰንጥቆ በጎማውና በአዲሱ ከመነዳሪ መሐል ይነጠፋል። ይህን ለጎረቤቴ አልነገርኩትም። የ1990ዎቹን ቸርኬ የሚበሳ ሰው ቤቱ አይገባም።

አንድ ነገር ግን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። እሱ የሚያከብራቸው የተራራ ሳይክል አባቶች ከእሱ ይልቅ ለኩርኩራው ሥር ሰው ይቀርባሉ። ካሊፎርኒያ፣ ማሪን ውስጥ ጆ ብሪዝ፣ ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ በ1970ዎቹ የሚነዱት በ1930ዎቹና 40ዎቹ የተሠራ የሽዊን ሳይክል ነበር፤ ከየቆሻሻው አንሥተው የሞተር ሳይክል ፍሬን መያዣ፣ የሌላ ሳይክል ማርሽ ገጠሙለት። በጥቅምት 1976 የጀመሩት የቁልቁለት ውድድር ሪፓክ የተባለው፣ የኋላው ፍሬን ሲግል ግሪሱ ጭስ ሆኖ ስለሚያልቅ ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ እንደገና መሙላት ግድ ስለነበር ነው። ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ብሎ አዲስ ቴላዮ ሠራ፤ ያ የመጀመሪያው ብሪዘር ዛሬ ከኛ ሰፈር በሜትሮ የሚደረስበት ስሚዝሶንያን ነው ያለው። እነዚያ ልጆች የ1937 ሳይክል የ1937 ዕቃ ብቻ ይልበስ ቢሉ ኖሮ ጎረቤቴ ዛሬ የሚሰበስበው ነገር አይኖረውም ነበር።

መልሱ መጥፎ አልነበረም። «እነሱ የገጣጠሙትን ማንም ባያስቀምጠው አንተ በምን ታውቀው ነበር?» አለኝ። ገለጉ ላይ የሚቀመጥ ሳይክል የለም። ቴላዮው ካለቀ ጎማው ለጋሪ፣ ራጂው ለሥጋ መጥበሻ ይሄዳል። የዛሬ ሃያ ዓመት ቋራ ውስጥ ምን ዓይነት ሳይክል እንደነበረ ቢጠየቅ የሚታይ አንድም አይገኝም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ጠጋኙን የምቃወመው በፍሬኑ ብቻ ነው። የፊቱን ፍሬን አውልቆ ይጥላል፤ ገመዱ ሲበጠስ ምትክ የለም፣ ደግሞም ቁልቁለት የለም ይላል። ገለጉ ሜዳ መሆኗን አውቃለሁ። አርባ ኪሎ ውኃ የጫነ ሳይክል ፍየል ፊቱ ስትገባበት ግን ሜዳም ቁልቁለት ነው።

ዕቃ ልላክ ለሚሉኝ የአገር ልጆች የምለው ይህን ነው። እዚህ ባለ 26 ኢንች ጎማ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል ከፋሽን ከወጣ፤ 29 ተተክቶበታል፤ ሰው ደህና ሳይክል ደጅ ላይ ያወጣል። እኛ አገር ግን ዋናው ልክ ያው 26 ነው። ሮክቪል ውስጥ እንደ ባይክስ ፎር ዘ ወርልድ ያሉ ድርጅቶች ያገለገለ ሳይክል ሰብስበው በኮንቴይነር ወደ ውጭ ይልካሉ፤ ሥራቸውን ሄዶ ማየት ይቻላል። በግል የምትልኩ ግን አሉሚኒየምና ባለ ሁለት ሞላ ተዉ። የብረት ቴላዮ፣ ወፍራም ቫልቭ፣ ሞላ ከኖረውም ከፊት ብቻ። ሻንጣ ውስጥ ቦታ ካላችሁ ደግሞ ለኋላ ጎማ ሩብ ኢንች፣ ለፊቱ ሦስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች የኩሽኔታ ኳስ፤ ከሁሉ በፊት ግን የፍሬን ገመድ፣ ብዙ የፍሬን ገመድ።