ካሳራኒ፤ ከውሻ ጆሮ የተወሰደ ደም

ሰኞ ረፋዱ ላይ ከናይሮቢ መሐል ከተማ ወደ ካሳራኒ በሚሄድ ማታቱ (ሚኒባስ) ተሳፈርኩ፤ ሂሳቡ 100 ሽልንግ ነበር። ሐምሌ እዚህም ደመናና ብርድ ነው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። በቲካ ሰፊ ጎዳና 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ትልቁ ስታዲየም አጠገብ ወረድኩ። ኬንያዊው ሳይንቲስት ቶማስ ኦዲያምቦ እ.ኤ.አ. በ1970 የመሠረቱት የኢሲፔ የነፍሳት ምርምር ማዕከልም ዋና ግቢው እዚሁ ነው፤ መዥገርንና የገንዲን በሽታ የሚያስተላልፈውን ዝንብ ሲያጠና ኖሯል። ምሳ ቻፓቲ በቦሎቄ ነበር፤ ይጣፍጣል።

ማክሰኞ ጠዋት በእንግድነት የተቀበለኝ ያገሬ ልጅ ውሻ ምግብ እምቢ አለች። ድዷ ገርጥቷል፣ ሽንቷ ቀልቶ ጠቁሯል፣ ከጆሮዋ ሥር መዥገሮች ተጣብቀዋል። «ና፣ አንተም እይ» ብሎኝ ሰፈር ውስጥ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ የጆሮዋን ጠርዝ ወጋ አድርጎ አንዲት ጠብታ ደም በትንሽ መስተዋት ላይ አኖረ፤ በሌላ መስተዋት ገፋት፣ ቀጭን ሆና ተዘረጋች። ከጆሮ የሚወስደው የተለከፉት ቀይ ሕዋሳት በጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ስለሚበዙ ነው አለን። ደሙን አድርቆ፣ በሜታኖል አጽንቶ፣ ጊምዛ ቀለም አፍስሶበት ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። እሱና ያገሬ ልጅ በስዋሂሊ ብዙ ተነጋገሩ፣ አልገባኝም።

በ1000 እጥፍ በሚያጎላው ማይክሮስኮፕ እንዳይ ጋበዘኝ። መጀመሪያ ብዥታ ብቻ ነበር። ቆይቶ በአንድ ቀይ ሕዋስ ውስጥ ጫፍ ለጫፍ የገጠሙ ሁለት ሐምራዊ ነገሮች ታዩኝ፤ ባቤዥያ የተባለ ጥገኛ ተውሳክ ነው፣ በመዥገር ንክሻ የሚተላለፍ። ከዚያ በቀጭን የመስተዋት ቱቦ ሌላ ደም ወስዶ አሽከረከረ፤ የቀይ ሕዋሳቱ መጠን 18 በመቶ ብቻ ነበር፣ የጤነኛ ውሻ ከ37 እስከ 55 ነው። ከነጭ ሕዋሳቱ ሽፋን በላይም የሚርመሰመስ ነገር ፈለገ፤ ቢገኝ ገንዲ ነበር። አገር ቤት ከብት ሲፈጅ የማውቀው ገንዲ ውሻንም እንደሚይዝና ዓይኑን እንደሚያደበዝዝ የሰማሁት እዚህ ነው።

ሐኪሙን የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው፤ ብዙዎች ውሻቸውን የሚያመጡት መድኃኒት ካስወጉ በኋላ ነው፣ ያኔ ጥገኛው ከደም ይጠፋና የሚታይ ነገር አይገኝም። ጥገኛው ጥቂት ከሆነም መስተዋቱ ባዶ ሊመስል ይችላል፤ ያኔ የዘረመል ምርመራ ያስፈልጋል።

ረቡዕ ውሻዋ ትንሽ ሾርባ ጠጣች። ውሻ ያላችሁ፣ ትኩሳት ስታዩ፣ ድዱ ሲገረጣ፣ እባካችሁ ከመርፌው በፊት ደሙን አስመርምሩ።