ነዳጅ ሞልቶ እስትንፋስ ሲያጥር

የንባብ ክፍል፦ ሕዝቅኤል 37፥1–14፤ የሐዋርያት ሥራ 1፥4–8

ዛሬ የምናካፍላችሁ ስለ አንድ አሮጌ ፒካፕ ነው። አትገረሙ፤ ጌታችን ስለ እርሾ፣ ስለ መረብና ስለ ወይን አቁማዳ እያነሣ ስለ መንግሥቱ አስተምሯል። በፑኝዶ ለምንኖር ለእኛ ደግሞ የመኪና ነገር የሕይወት ነገር ነው።

ፑኝዶ በጋምቤላ ክልል፣ በአኝዋክ ዞን ጎግ ወረዳ ውስጥ፣ ከጊሎ ወንዝ ብዙም ሳትርቅ ያለች ከተማ ናት። ከድንበር ማዶ የመጡ ወገኖቻችን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የሰፈሩበት የስደተኞች ካምፕም በአጠገባችን ነው። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር ጎማ ይዞ አይለቅም። ታማሚ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ጋምቤላ ከተማ፣ አንዳንዴም ሽቅብ ወጥቶ ወደ መቱ መሄድ ሲኖርበት፣ የቤተሰቡ የመጀመሪያ ጥያቄ “መኪና ከየት ይገኛል?” የሚል ነው። የጉባኤያችን ሽማግሌዎችና ወጣቶች ተመካክረን፣ በጨረታ የወጣ አንድ ላንድክሩዘር ፒካፕ በርካሽ የገዛነው ስለዚህ ነው። ከ30 ዓመት በላይ የሠራ፣ ካሶኒው የበሰበሰ፣ ጋቢናው ውስጥ ወፍ ጎጆ የሠራችበት መኪና ነበር።

አጥንት ከአጥንት ጋር

ሥራውን የጀመርነው በእኛው ግቢ፣ በማንጎው ዛፍ ሥር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ 14 ወር ሠራን። መካኒኩ የአኝዋክ ልጅ ነው፤ በያጁ ከካምፑ የሚመጣ የኑዌር ወንድማችን ነው፤ የኤሌክትሪኩን ሽቦ የዘረጋው ደግሞ ከደጋ መጥቶ እዚህ የቀረ ልጅ ነው። አብረው ሻንሲውን ጠረጉ፣ ባሌስትራውን አስተካከሉ፣ የተበላውን ላሜራ ቆርጠው በአዲስ በየዱ። እኅቶች ሻይና ቂጣ እያመጡ፣ “ዛሬስ ይነሣል?” እያሉ ይስቁብን ነበር።

ያን ጊዜ ብዙ ጊዜ ትዝ ያለን የነቢዩ ሕዝቅኤል ራእይ ነው። በሸለቆው ውስጥ አጥንቶቹ ተሰበሰቡ፣ ጅማት ወጣባቸው፣ ሥጋ ለበሱ፣ ቆዳ ተዘረጋባቸው፤ ነገር ግን እስትንፋስ አልነበረባቸውም። ይህ ክፍል ሁልጊዜ ያስደነግጠናል። ሁሉም ነገር በቦታው ሊሆን ይችላል፤ መልኩም ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ ሕይወት ግን ገና ሊሆን ይችላል።

ዳገቱ ላይ የታየው ጭስ

ፒካፑ ተነሣ። በፑኝዶና በጋምቤላ ከተማ መካከል ያለውን ሜዳ ያለ ችግር ተመላለሰበት። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ወፍራም ነው። ችግሩ የታየው ወደ ቡሬና ወደ ጎሬ ስንወጣ ነው። ጎሬ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጭነት ይዘን ዳገቱን ስንጀምር መኪናው በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ ከኋላው ጥቁር ጭስ ይተፋ ጀመር። አንዱ ወጣት “ፓምፑን ከፍተን ናፍጣ እንጨምርለት” አለ። መካኒኩ ግን፣ “ናፍጣማ ሞልቶታል፤ የጎደለው አየር ነው” አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ናፍጣ በሙሉ እንዲቃጠል 14.5 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። የእኛ መኪና ሞተር ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ከፋብሪካው ያለ ቱርቦ የወጣ ነው። በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር እስከ 4000 ሊትር አየር ይስባል። ከፍታው 2000 ሜትር ሲደርስ ግን አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ሞተሩ ያንኑ ያህል ጊዜ ይተነፍሳል፤ የሚያገኘው ግን ያነሰ ነው። ሳይቃጠል የቀረው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ናፍጣ ቢጨመርበት ጭሱና ሙቀቱ ይበዛል እንጂ ጉልበቱ እምብዛም አይጨምርም።

ወጣቶቹ መፍትሔ ፈለጉ፤ ሱፐርቻርጀር። ይህ መሣሪያ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ የሚዞር፣ አየርን እያመቀ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገፋ ነው። አሜሪካውያኑ የሩትስ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1860 የፈጠራ መብት ያገኙበት አየር መግፊያ መጀመሪያ ያገለገለው ለብረት ማቅለጫ እቶን ነበር። በኋላ መሐንዲሶች ይህንኑ አሳብ ወደ መኪናና ወደ አውሮፕላን ሞተር አመጡት፤ አውሮፕላን ስስ አየር ውስጥ ሲገባ እንዳይደክም የረዳው አንዱ ይህ ነው።

የእኛ የተገኘው አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው፤ ከቶዮታ ፕሪቪያ የወጣ ያገለገለ ዕቃ። በአንድ ዙር 1.4 ሊትር ያህል አየር ይገፋል። የእኛ ሞተር ግን በአንድ ዙር 2 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ሞተሩ 10 ጊዜ ሲዞር እርሱ 18 ጊዜ እንዲዞር ፑሊው ተለክቶ ተሠራ። በናፍጣው ላይ ምንም አልጨመርንም። በሚቀጥለው ጉዞ ያንኑ ዳገት ስንወጣ ወጣቶቹ በመስኮት አንገታቸውን እያወጡ ወደ ኋላ ይመለከቱ ነበር። ጭሱ እጅግ ቀንሷል፤ መኪናውም ያለ ማቃሰት ወጣ።

ጭስ ሁሉ የጉልበት ምልክት አይደለም

ወገኖች ሆይ፣ ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። ዛሬ በአብያተ ክርስቲያናት ነዳጅ አልጎደለም። ኮንፈረንስ አለ፣ መዘምራን አሉ፣ ድምፅ ማጉያ አለ፣ ሥልጠና አለ። እኛም በነገረ መለኮት ኮሌጅ ተቀምጠን የተማርን አገልጋዮች ግሪኩንና ዕብራይስጡን ቆጥረናል። እነዚህ መልካም ናቸው፤ ናፍጣ የሌለው መኪናም አይሄድምና ትምህርትን አናቃልልም። ነገር ግን ነዳጁ ሞልቶ እስትንፋሱ ሲያጥር የሚወጣው ጥቁር ጭስ ነው፤ ብዙ ድምፅ፣ ብዙ ሙቀት፣ ትንሽ ጉዞ። ጭሱም ከኋላችን የሚመጣውን ሰው ዓይን ያቃጥላል። በቤታችን የምንቆጣ፣ በአገልግሎት የምንሰለች፣ ስንሰብክ የምንጮህ፣ ለብቻችን ስንሆን ግን የማንጸልይ ከሆነ፣ መፍትሔው ሌላ ፕሮግራም መጨመር አይደለም።

በቋንቋችን “መንፈስ” እና “ነፋስ” ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። የዕብራይስጡ ሩአሕም የግሪኩ ፕኒውማም መንፈስን፣ ነፋስንና እስትንፋስን አንድ ላይ ይይዛሉ። ደቀ መዛሙርቱ ሦስት ዓመት ያህል ከጌታ እግር ሥር ተምረዋል፤ ትንሣኤውንም አይተዋል። ሆኖም ጌታ ሂዱ ከማለቱ ጋር ቆዩ፣ ጠብቁ አላቸው። እስትንፋሱ ገና ነበርና።

ምሳሌው የሚያበቃበት ቦታም አለ፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ጥሩ አይሆንም። ሱፐርቻርጀር የሚዞረው በራሱ በሞተሩ ጉልበት ነው፤ ከሞተሩ ወስዶ ለሞተሩ ይሰጣል። መንፈስ ቅዱስ ግን በእኛ ቺንጋ አይዞርም። በጩኸታችን ብዛት የምናፈጥነው፣ በገንዘብም ከተራ የምንገዛው ኃይል አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ሲሞን የሞከረው ይህንኑ ነበር፤ ጴጥሮስም አጥብቆ ገሠጸው። እኛ የምናደርገው የተዘጋውን ፊልትሮ ማጽዳት ነው፤ ንስሐ መግባት፣ ይቅር መባባል፣ በቃሉ ፊት ዝም ብሎ መቀመጥ። የሚተነፍስብን እርሱ ነው።

ከጉልበት በፊት ፍሬን

ሱፐርቻርጀሩ ተገዝቶ ከመጣ በኋላ ሁለት ወር በሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። ወጣቶቹ ቸኩለው ነበር፤ መካኒኩ ግን እሺ አላለም። መጀመሪያ ፍሬኑ ተሠራ፣ ራዲያተሩ ተጠረገ፣ ቴስታታው ስንጥቅ እንደሌለው ታየ፣ የሙቀት መለኪያም ተገጠመ። የታመቀ አየር ሙቀት ይወልዳል፤ ግፊት ሲጨምር ቀድሞ የነበረው ስንጥቅ ይሰፋል። በብዙ ጉልበት ዳገት የወጣ መኪና ያንኑ ቁልቁለት መውረዱ አይቀርም፤ መውረዱ ደግሞ ፍሬን ይጠይቃል።

ስንት ወጣት አገልጋይ በስጦታ ተነሥቶ በባሕርይ ስንጥቅ ወድቋል! ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች የመንፈስን ፍሬ ሲዘረዝር መጨረሻ ላይ ያስቀመጠው ራስን መግዛትን ነው፤ ይህም ፍሬን ነው እንላለን። ጌታ የጸለይንበትን ኃይል ሲያዘገይብን ከልክሎን ነው ብለን አናጉረምርም። ምናልባት ራዲያተራችንን እየጠረገልን ይሆናል።

ጉልበቱ ለማን ነው?

ሥራው ሲያልቅ አንድ አባት መኪናውን ዞረው ካዩ በኋላ፣ “ልጆቼ፣ ይህ ጉልበት ለማን ነው?” ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰላቸውም። መልሱ የመጣው ባለፈው ክረምት ነው።

በሁለት ማኅበረሰቦች መካከል ክፉ ወሬ ተሰምቶ መንገዱ ያስፈራ የነበረበት ሳምንት ነበር። ማታ አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት ሪፈር ተጻፈላት። የዚያን ዕለት ተረኛው ሾፌር ከሌላው ወገን ነው፤ በቀደመ ግጭት ታላቅ ወንድሙን አጥቷል። ቁልፉን ይዞ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። ማንም አላስገደደውም፤ እኛም “ወንድማችን፣ ባትችል እንረዳሃለን” አልነው። አጎንብሶ ጸለየ፣ ከዚያ የእናቲቱን ባል ጠርቶ ጋቢናው ውስጥ ከጎኑ አስቀመጠው። በጭቃው ሌሊቱን ነድተው ንጋት ላይ ጋምቤላ ከተማ ሆስፒታል ደረሱ። እናቲቱም ሕፃኑም በሕይወት ተመለሱ።

መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ሱፐርቻርጀሩ በዚያ ሌሊት ያደረገው ነገር ትንሽ ነው። ያን ወንድም ከቂሙ አንሥቶ መሪው ላይ ያስቀመጠው ኃይል ግን ከየትኛውም ተራ አይገዛም። በሐዋርያት ሥራ 1፥8 የተስፋው ኃይል ምስክር ለመሆን ነው። የምስክርነቱም መንገድ ኢየሩሳሌምን አልፎ በሰማርያ በኩል ይሄዳል፤ አይሁድና ሳምራውያን ደግሞ አይተባበሩም ነበር። ለእኛም ሰማርያችን ከግቢያችን አጥር ማዶ ናት።

ወዳጄ ሆይ፣ ዛሬ አገልግሎትህ ጭስ ብቻ ከሆነ፣ ናፍጣ ከመጨመርህ በፊት ቁም። እኅቴ ሆይ፣ ዳገቱ ከብዶሽ ከሆነ፣ ደካማ ስለሆንሽ ብቻ አይደለም፤ አየሩ የሳሳበት ከፍታ ላይ ደርሰሽ ይሆናል፤ ጌታ ያንን ከፍታ ያውቀዋል። ገና ጌታን ያላወቅህ ወንድም ደግሞ፣ አጥንትህ ሁሉ ተገጥሞ፣ ሥራህና ትዳርህ በቦታው ሆኖ፣ ውስጥህ ግን ጸጥ ያለ ከሆነ፣ ይህ ጥሪ ለአንተ ነው። ለአዳም የሕይወትን እስትንፋስ እፍ ያለበት አምላክ ዛሬም ሕይወት ይሰጣል፤ በልጁ በኢየሱስ ክርስቶስ ለሚመጣ ሁሉ አይከለክልም።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ ብዙ ሰብስበናል፣ ብዙም ገጣጥመናል። አሁን አንተ እፍ በልብን። ስንጥቃችንን ቀድመህ ጠግን፤ የምትሰጠንንም ኃይል ለምንፈራው ጎረቤታችን አድርገው። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።