በ14 ዓመት "እርስዎ" መባል

ላይፕዚግ ውስጥ ክፍል ያከራዩኝ ባልቴት "ቅዳሜ የልጅ ልጄ በዓል ነው፣ እንዳትቀር" አሉኝ። እኔ ሆዬ የቤተ ክርስቲያን ነገር መስሎኝ ክራቫቴን አስሬ ሄድኩ። "ቄሱ የታሉ?" ብዬ ብጠይቅ የልጁ እናት በሳቅ ልትሞት! ለካስ ቄስም ጸሎትም የሌለበት በዓል ነው። "ዩገንድቫይሄ" ይሉታል፤ ልጅነትን የመሰናበቻ ምረቃ በሉት።

ቦታው የትያትር አዳራሽ ነው። ወንዶቹ በሙሉ ልብስ ተወጥረው፣ ሴቶቹ ባልለመዱት ተረከዝ እየተንገዳገዱ፣ ስማቸው ሲጠራ መድረክ ይወጣሉ። ሁሉም 14 ዓመት ገደማ ናቸው። አበባና መጽሐፍ ይቀበላሉ፣ ሙዚቃ አለ፣ ንግግር አለ (ንግግሩስ ረዘመ)። ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ ምሳ፣ ኬክ፣ በፖስታ የታሸገ ገንዘብ…

ታዲያላችሁ፣ ነገሩ ድሮ እንዲህ የኬክ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቤተ ክርስቲያን የወጡ ሰዎች የጀመሩትን ልማድ፣ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የራሱ አደረገው። ልጆቹንም ለሶሻሊዝም ቃል ያስገባበት ጀመር። ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ "ወይ እኔን ወይ እሱን" አለች። መሃል ላይ የተቀረቀረው ልጁ ነው!

አከራዬ እ.ኤ.አ. በ1958 ዓመታቸው 14 ነበር። "ቃል አልገባም" አሉ። ሐኪም የመሆን ምኞት ነበራቸው፤ ጎበዝ ተማሪም ነበሩ። ግን ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው ትምህርት ቤት በሩን ዘጋባቸው። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ ኖሩ። በ1988 ልጃቸው ተራዋ ሲደርስ ግን "ሂጂ፣ ያሉሽን በይላቸው" አሏት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው "እኔ የከፈልኩት ይበቃላ!" አሉኝ።

ሁለቱ ጀርመኖች በ1990 ሲዋሃዱ ያ ቃል ቀረ። በዓሉ ግን በምሥራቁ በኩል እስከ ዛሬ አለ።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ከበዓሉ በኋላ መምህራን ተማሪዎቹን "አንተ" "አንቺ" ማለት ትተው "እርስዎ" ይሏቸው ነበር። የኛ የሒሳብ አስተማሪ "እስቲ እርስዎ ወደ ሰሌዳው ይምጡ" ሲሉ ይታያችሁ!

አዳራሹ ውስጥ የልጁ ስም ሲጠራ ሁሉም አጨበጨበ፤ ባልቴቷ ግን ቦርሳቸውን ጭምቅ አድርገው እንደያዙ ቀሩ። ተቀየሙ እንዴ ብዬ ሰጋሁ። ምሳ ላይ ኬኩን ቆርሰው ወደ ልጁ ዞሩና ኮስተር አሉ።

"እርስዎ፣ ትንሽ ይጨመርልዎት?"

ልጁ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "አያቴ፣ ተይ እንጂ!"