ከልደታ እስከ አባ ሳሙኤል፦ ወንዙን ተከትሎ ሽርሽር

ቅዳሜ ሲደርስ ፍቅረኛሞች የሚጨቃጨቁበት ጥያቄ አንድ ነው። «የት እንሂድ?» ካፌው ተሰልችቷል፣ ቢሾፍቱ ደግሞ ኪስ ይጎዳል። ታዲያ የልደታ ልጆች፣ እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ የከተማችሁን ወንዝ ተከተሉት! አፍንጫችሁን ይዛችሁ በድልድይ የምትሻገሩት ያ ጥቁር ውሃ የትም አይጠፋም። ትንሹ አቃቂ ከምዕራብ፣ ትልቁ አቃቂ ከምሥራቅ ወርደው ከከተማው በስተደቡብ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ።

አባ ሳሙኤል የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ያለበት ግድብ ነው። ለአሥርት ዓመታት ቆሞ በ2009 ዓ.ም በቻይናዎች ታድሷል። እኛን የሚወስደን ግን ዙሪያው ያለው ጨፌ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ በጠዋት ሂዱ። ያኔ ፈረንጆቹ ክሬን የሚሏቸው፣ ቁመታቸው ከአንድ ሜትር የሚያልፍ ግራጫ ወፎች ብርዱን ሸሽተው ከሰሜን ይመጣሉ። ድምፃቸው ጥሩምባ ነው፣ ከሩቅ ይሰማል! ቀን አጨዳው ባለቀበት ማሳ ላይ እህል ይለቅማሉ፤ ሌሊት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። አውሬ ቢመጣ የውሃው መንቦጫረቅ ይቀሰቅሳቸዋላ! ለዚህ ነው ጨፌው ከደረቀ ወይም ቤት ከተሠራበት ማደሪያ የሚያጡት።

አካባቢው የታጠረ ፓርክ ሳይሆን የገበሬ ማሳ ስለሆነ አስፈቅዳችሁ እለፉ። ታኮ ጫማ የምታደርግ እህታችን በኋላ እኛን እንዳትወቅሰን። ቴፕም ይቅርባችሁ፣ ወፎቹ ይበራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ውሃው ላይ የተነጠፈው አረንጓዴ ነገር ለፎቶ ያምራል፤ ሣር መስሏችሁ ግን እንዳትረግጡት። እምቦጭ ነው፣ ከሥሩ ውሃ አለ! እምቦጭ በጣና ከመሰማቱ በፊት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1965፣ በቆቃና በአዋሽ ታይቷል። አባ ሳሙኤል ላይ እንዲህ የሚያፋፋው ከከተማው የሚወርደው ቆሻሻ ነው። የቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ፣ የመፀዳጃ ቤቱ፣ የላስቲኩ... ሁሉም እዚህ ይደርሳል። እጃችሁን እንኳ አትታጠቡበት። በመንገዳችሁ በዚሁ ወንዝ የሚጠጣ የጎመንና የሰላጣ ማሳ ታያላችሁ። የሚሸጠው ለማን ይመስላችኋል?

ከግድቡ ያለፈው ውሃ አዋሽን ተቀላቅሎ ቆቃ ይገባል። አዳማ ያለች አክስት ካለቻችሁ፣ ቡና የምታፈላበት ውሃ ከቆቃ በታች ከአዋሽ ተስቦ፣ ተጣርቶ የሚመጣ ነው።

የሚጠጣ ውሃና ቆሎ ከቤት ያዙ። ወደ አቃቂ መመለሻ ታክሲ ሲመሽ ስለሚያስቸግር ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ተነሱ።