ካሜራ ይዞ ዓባይ ማዶ ለሚሻገር

ባሕር ዳርን ሊጎበኝ የሚመጣ እንግዳ ልማዱ የታወቀ ነው። በጧት ጀልባ ተከራይቶ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ይሻገራል፤ በማግሥቱ ወደ ጢስ ዓባይ ይወርዳል፤ ማታ ዓሣውን በልቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። እንዲህ ያደረገ ሰው ደግ አደረገ እንጂ አልተሳሳተም። ዳሩ ግን ሁለት ቀን የተረፈው መንገደኛ፥ ይልቁንም ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለ እንደ ሆነ፥ ድልድዩን ተሻግሮ ዓባይ ማዶ ቢውል ምን እንደሚያገኝ ልነግረው እወዳለሁ።

በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ ሰፊ ስለ ሆነ እግረኛ ቆም ብሎ ወንዙን ለማየት ይመቸዋል። (ድልድዩን ራሱን ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ግን ዘበኛውን መጠየቅ ይበጃል።) እዚያ ቆመን ሰው ሁሉ ወደ ውኃው ሲያይ፥ ውኃው ላይ ያለውን የሚያይ ግን ጥቂት መሆኑን ታዘብሁ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነው ዓሣ አጥማጁ ወፍ በአየር ላይ እንደ ተሰቀለ ክንፉን እያርገበገበ ቆይቶ ድንጋይ እንደ ወደቀ ሁሉ ውኃው ውስጥ ይሰጥማል፤ ወዲያው ዓሣውን በምንቃሩ ይዞ ይወጣል። ይህ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነውና የአገሩ ልጅ አይገረምበትም። እኔ ግን አንዱን ብቻ ለመቅረጽ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ለእንዲህ ያለው ፈጣን ወፍ የካሜራው መክደኛ ከሰከንድ 1/1000 በላይ ፈጥኖ መከፈትና መዘጋት አለበት፤ ከ300 እስከ 400 ሚሊሜትር የሚደርስ ሌንስም ያስፈልጋል። ብርሃኑ መልካም የሚሆነው ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ከአናት ትወጣና ነጭ ወፍ ሁሉ ኖራ የተቀባ ይመስላል።

ትልቅ ሌንስ የሌለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ከከተማው በኩል፥ ዓሣ አጥማጆች ዓሣ በሚያጸዱበት ዳርቻ፥ ፈረንጆች ፔሊካን የሚሉት፥ ከምንቃሩ ሥር ከረጢት ያለው ትልቁ ነጭ ወፍ የዓሣውን አንጀት ለመሻማት ከሰው እግር ሥር ይመጣል፤ እርሱን በስልክም ማንሣት ይቻላል። ዓባይ ማዶ ደግሞ በወንዙ ዳር ካሉት ዛፎች በአንዱ ላይ፥ ራሱ መዶሻ የሚመስለው ቡናማ ወፍ የሠራው ቤት አለ። ጭራሮ በጭራሮ ላይ ደርቦ፥ መግቢያውን በጭቃ መርጎ፥ የወፍ ሳይሆን የእረኛ ጎጆ አስመስሎታል። ከዚያ አጠገብ ቢጫ ሸማኔ ወፎች ሣር ሲቋጥሩ ይውላሉ። ወንዱ ጎጆውን ሠርቶ ሴቲቱን ይጠራል፤ መጥታ መርምራ ካልወደደችው አፍርሶ እንደ ገና ይጀምራል። አንዱን ምስኪን ሁለት ጊዜ ሲያፈርስ አይቼዋለሁ።

ስለ ውኃ ተርቦች፥ ስለ አርጃኖውና በሾላው ላይ ስለሚዘሉት ጦጣዎች ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ስለ ጉማሬው ግን አንድ ቃል፤ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ የአገሩን ሰው ሳያስከትሉ ውኃ ዳር መግባት ድፍረት ነው።

እነዚህን ወፎች በማየት እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ሜጀር ቺዝማን የተባለው እንግሊዛዊ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ሲቀመጥ፥ የጣናን ዳርቻና ደሴቶቹን እየዞረ ካርታ ያነሣ ነበር። ሰውየው ከሹመቱ ይልቅ ወፍ የሚወድ ነበርና ሐይቁንም ወፎቹንም አብሮ መረመረ፤ በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል። እርሱ ያየው ዳርቻ ግን ዛሬ እንደ ነበረ የለም። ደንገሉ በብዙ ቦታ ታጭዶና ተቃጥሎ እርሻ ሆኗል። በፈረንጆች 2011 ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው እምቦጭ በሐይቁ ላይ ታየ። አበባው ሐምራዊና ያማረ ስለ ሆነ ፎቶግራፍ አንሺ ይወደዋል፤ ጀልባው የታሰረበት ዓሣ አጥማጅ ግን አይወደውም። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. ከዓለም የባዮስፌር ሥፍራዎች መዝገብ አስገብቶታል፤ ደንገል የሚያጭደው ማጭድ ግን መዝገብ አያነብም።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልምጣ። በመስከረም ወር ከሁሉ አብልጬ የፈለግሁት በውኃ አበባ ቅጠል ላይ የሚራመደውን፥ ጃካና የሚባለውን ወፍ ነበር። ጣቶቹ እጅግ ረጃጅም ስለ ሆኑ ክብደቱ ይከፋፈልና አይሰጥምም። ሴቲቱ ዕንቁላል ጥላ ወደ ሌላ ባል ትሄዳለች፤ የሚታቀፈውም ጫጩቶቹንም የሚያሳድገው አባትየው ነው። አደጋ የመጣ እንደ ሆነ ጫጩቶቹን በክንፎቹ ሥር ሸጉጦ ይሸሻል፤ ያን ጊዜ እግሮቻቸው ብቻ ከጎኑ ስለሚንጠለጠሉ ብዙ እግር ያለው ፍጡር ይመስላል። እኔም ይህን ምስል ተመኘሁ።

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳው ወሰደኝ። ታንኳ ድምፅ የለውምና ወፍ አይሸሸውም፤ ከሞተር ጀልባ እጅግ ይሻላል። በመጀመሪያው ጧት አባትየውን አራት ጫጩቶች አስከትሎ አገኘነው፤ ነገር ግን አላነሣቸውም፤ በሰላም ሲለቅሙ ዋሉ። በሁለተኛው ጧት ትዕግሥቴ አለቀ።

«ትንሽ እንቅረብ፥ አባቴ» አልሁ።

«ልጄ፥ ከዚህ አንለፍ፤ ይደነግጣሉ» አሉኝ።

«ጥቂት ብቻ።»

ሽማግሌው አንድ ጊዜ ብቻ ቀዘፉ። ጫጩቶቹ ተበተኑ፤ ሁለቱ ውኃው ውስጥ ገብተው የምንቃራቸውን ጫፍ ብቻ አስቀሩ፤ አንዱ ወደ አባቱ ሮጠ፤ አንዱ ግን ወደ ገላጣው ውኃ ወጣ። ጭልፊቱ ከየት እንደ መጣ አላየሁም። አባትየው ጮኾ ተነሥቶ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ የቀሩትን ሰብስቦ፥ በክንፉ ሥር ሸጉጦ፥ ቅጠል በቅጠል እየረገጠ ወደ ደንገሉ ገባ። እኔም ካሜራዬን ተጫንሁ። ሽማግሌው እስከ ዳር ድረስ ምንም አልተናገሩኝም፤ የኪራዩንም ዋጋ ሳይቆጥሩ ተቀበሉኝ።

ከዚህ ጽሑፍ ጋር የወጣው ሥዕል ያ ነው። የወዳጆቼን ሁሉ ምስጋና አግኝቷል። ከአባትየው ሁለት እግሮች ጋር የተንጠለጠሉትን የቆጠረ አንባቢ ስምንት እግር ያገኛል። ዐሥር መሆን ነበረባቸው።