ርስትና ጎርፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በታር ወንዝ ዳር ፕሪንስቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1865 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲያበቃ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች በዚያ ሰፍረው «የነፃነት ኮረብታ» አሏት። የደረሳቸው ግን ባለጸጎች የናቁት፥ ወንዙ ሲሞላ የሚያጥለቀልቀው ረባዳ መሬት ነበር። በዚያው ቤት ሠሩ፤ የጸሎት ቤትና ትምህርት ቤት አቆሙ። በ1885 ከተማነቷ በሕግ ሲጸና፥ ከነዋሪዎቿ በአንዱ በአናጢው በተርነር ፕሪንስ ስም ተጠራች።

በ1999 ፍሎይድ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ባመጣው ጎርፍ ከተማዋ ተዋጠች፤ ከመቃብር የወጡ የሬሳ ሣጥኖች ሳይቀሩ በውኃው ላይ ተንሳፈፉ። መንግሥት ቤቶቹን ገዝቶ ነዋሪዎቹን ወደ ሌላ ስፍራ ለማዛወር ሐሳብ ሲያቀርብ፥ የከተማዋ ምክር ቤት የጎርፍ መከላከያውን ማስጠገንንና መመለስን መረጠ። ሁሉም አልተመለሰም፤ በ2016ም ጎርፉ ዳግመኛ መጣ።

ይህን ሳነብ በራሴ አፈርሁ። ሰንበት ትምህርት ቤታችን መሰብሰቢያ ባጣችበት ወራት «እንበተን» ካሉት አንዱ እኔ ነበርሁና። ናቡቴ የወይን ቦታውን ለንጉሡ ለአክዓብ የከለከለው ከሌላው ስለሚበልጥ አልነበረም፤ የአባቶቹ ርስት ስለሆነ እንጂ። ስፍራን መልቀቅ ሁሉ ኃጢአት አይደለም፤ አደራን በመጀመሪያው ጎርፍ መጣል ግን ያስጠይቃል። እናንተስ ጎርፍ ሲመጣ የማትለቁት አደራ የትኛው ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።