ባልጩት መምረጥ

ስለ ጥንት የድንጋይ መሣሪያ ሲወራ የሁላችንም ልብ የሚሄደው ወደ ጠራቢው እጅ ነው። “እንዴት ያለ እጅ ቢሆን ነው ከዱልዱም ድንጋይ ምላጭ የሚያስንቅ የቀስት ጫፍ ያወጣው?” እንላለን። ጥያቄው ደግ ነው፤ ዳሩ ግን ከመካከል የተጀመረ ጥያቄ ነው። ከእጁ በፊት ዓይኑና ጆሮው አሉ። ሜዳ ላይ ከተበተነው ድንጋይ መካከል “ይኸ ይሆነኛል፣ ያ አይሆነኝም” ብሎ የለየ ሰው የሥራውን እኩሌታ ጨርሷል።

ይህን የምጽፈው ሮቤ ተቀምጬ ነው። ከዚህ ጎባ ቅርብ ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የአስታውን ጫካ አልፎ ሳነቴ አምባ ላይ ሲወጣ፣ ጅባራው በየቦታው እንደ ዘብ ቆሞ ይቀበላችኋል። ቱሉ ዲምቱ፣ የባሌ ተራሮች ራስ፣ 4,377 ሜትር ነው። ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፣ ሌሊት ውርጩ አጥንት ይሰብራል። እዚህ አካባቢ የድንጋይ ዘመን ሰው ቤቴ ብሎ ይኖር ነበር ቢባል ማን ያምናል?

ማስረጃው ግን ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት ላይ ጎትዝ ኦሰንዶርፍና የሥራ ጓደኞቹ ያሳተሙት ጥናት፣ ፊንጫ ሀበራ በተባለ የዋሻ መጠለያ ውስጥ ስለተቆፈረው ይተርካል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ ነው። ሰዎች የኖሩበትም ከዛሬ 47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ነው። በዚያ ዘመን የተራራው አናት በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር። ውኃቸው ከግግሩ የሚቀልጠው ነው፤ ቀለባቸው ደግሞ ዛሬም ከባሌ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ትልቁ ፍልፈል። እየጠበሱ መብላታቸውን የተቃጠለው አጥንት መስክሮባቸዋል።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ፍልፈሉ ሳይሆን ድንጋዩ ነው። መሣሪያቸውን የሠሩበት ባልጩት የመጣው ዋሳማ ከተባለው ሸንተረር፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ነው። ከመኖሪያቸው ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ፣ ወደ በረዶው ጫፍ ይወጡ ነበር ማለት ነው። ባሌ እሳተ ገሞራ የሠራው አገር ነውና ጥቁር ድንጋይ ከእግራቸው ሥር ሞልቷል። እነርሱ ግን ሌላ ነገር ፈልገው ወጡ። ይህ አቀበት ለእኔ የማስተዋል ምስክር ነው።

ባልጩትን ምን እንዲህ አስመረጠው? ባልጩት ድንጋይ የመሰለ መስታወት ነው። ቅልጡ ዓለት በፍጥነት ቀዝቅዞ ማዕድኑ ፍሬ ሳያበጅ የደረቀ ነው። ፍሬ ስለሌለው ሲመቱት ስንጥቁን የሚያደናቅፍበት የለም፤ መቺው ወዳሰበው ይሄድለታል። ይህን ያወቁት የፊንጫ ሀበራ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ መልካ ቁንጡሬ ውስጥ ሲምቢሮ በተባለው ቦታ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከተሠሩት 578 የእጅ መጥረቢያዎች ከሦስቱ በቀር ሁሉም ባልጩት ናቸው። ጎረቤቱ መንደርም ባልጪት ይባላል፤ ስሙን ከድንጋዩ ጋር ተካፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሁለቱም በአንድነት በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

እኔም ለጥቂት ዓመታት ይህን ሙያ በትርፍ ጊዜዬ ሞክሬዋለሁ። ለመጀመሪያ የመረጥኩት የቢራ ጠርሙስ ቂጥ ነበር። አትሳቁ፤ ያም መስታወት ነው፣ ውፍረቱም ለጀማሪ ይበቃል፣ ከየትም ይገኛል። ከፓርኩ ወይም ከጥንት ሰፈር ላይ ባልጩት ማንሳት ግን አይገባም። ስባሪ የመሰለን ሁሉ የአንድ ሰው የሥራ ቀን መዝገብ ነውና፣ ከቦታው ሲነሣ ንግግሩ ይቋረጣል። ወደ ድንጋይ ስሸጋገር የሠራሁበት ባልጩት ከስምጥ ሸለቆ የጠጠር ማውጫ የተገኘ ነበር።

ምርጫው እንዲህ ነው። ሸክላ የሚገዛ ሰው ጀበናውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ እንደሚያዳምጥ ድንጋዩን በትንሽ ጠጠር ይመቱታል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ከሆነ የተሰወረ ስንጥቅ አለበት። ለዘመናት ፀሐይና ውርጭ የተፈራረቁበት የገጽ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና ከጥጉ ጥቂት ሰብሮ ውስጡን ማየት ይበጃል። አረፋ፣ ጠጠር ወይም ነጫጭ ነጠብጣብ ካለበት ስንጥቁ እዚያ ሲደርስ ይሰናከላል። ድቡልቡል የሆነውን ጀማሪ ይለፈው፤ መምቻ ጠርዝ የለውምና። መዳፍ የሚሞላ፣ ዝርግ፣ ጠርዙ ሹል የሆነ ስንጣሪ ይሻላል። ሲሠሩ ጭን ላይ ወፍራም ቆዳ፣ ዓይን ላይ መነጽር ያስፈልጋል፤ አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ ደጅ መቀመጥ ነው።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ሳያዩ የሚያውቁ ሰዎች በአገራችን አሉ። በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች መፋቂያቸውን ከድንጋይ ይሠራሉ። ተመራማሪዋ ካትሪን ዊድማን አርተር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው ጽሑፍ እንደዘረዘረችው፣ ጥሩ ድንጋይ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳሉ፤ ሙያው የሚገኘውም ባለሙያ አጠገብ ለብዙ ጊዜ ተቀምጦ በመማር ነው። “የድንጋይ መሣሪያ የወንድ ሥራ ነው” ይሉ የነበሩ ሊቃውንትን እነዚህ እናቶች አፋቸውን አስይዘዋቸዋል።

እኛ ግን ለእነዚህ ሰዎች ምን ስም ሰጠናቸው? “ፋቂ” የሚለውን ቃል ስድብ አደረግነው። አብረናቸው አልበላንም፣ ልጅ አልሰጠናቸውም፣ አልፎ ተርፎም “ቡዳ” አልናቸው። ቆዳው አልጋችን ላይ ተነጥፎ፣ የፋቀው እጅ ከደጃችን እንዲመለስ ፈረድን። በሙዚየም መስታወት ውስጥ ላለው የድንጋይ መሣሪያ ግን ባርኔጣችንን እናነሣለን። የዚያ መሣሪያ ሠሪ ዛሬ በሕይወት ተነሥቶ መንደራችን ቢመጣ ከየትኛው ወገን እንደምንቆጥረው አስቡት።

የፋቂ ልጅ “ፋቂ” ላለመባል ሙያውን ትቶ ቢሄድ አይፈረድበትም። የሚቀረው ጉዳት ግን የሁላችንም ነው። መሣሪያው ሙዚየም ውስጥ ሺህ ዓመት ይቀመጣል፤ ድንጋይ አይበሰብስም። ድንጋዩን ኳ አድርጎ “ይኸ ይሆናል” የሚለው ጆሮ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። እናቶቹ በሕይወት ሳሉ፣ እግራቸው ሥር ተቀምጦ የሚጠይቅ ልጅ ያስፈልጋል። እንዲጠይቅ ደግሞ በቅድሚያ እኛ ያንን ስድብ ከአፋችን ማውጣት አለብን።